እርጎ የለበሰ ዳቦ

በሰሜን ህንድ ሠርግ ከተጠራችሁ፣ ወይም የቀለም በዓላቸው ሆሊ በሚከበርበት ሰሞን፣ በየካቲትና በመጋቢት መካከል፣ ሰው ቤት ከገባችሁ ዳሂ ባላ ሳትቀምሱ አትወጡም። ከጥራጥሬ ሊጥ የተጠበሰ ድብልቡል ነገር ነው። ቀዝቃዛ እርጎ ይለብሳል። ከላዩ ቻትኒ የሚባለው ማባያ፣ ጎምዛዛ ፍሬ ከሆነው ከሁመርና ከናና የሚሠራው፣ ከዚያም የተቆላ ከሙንና ትንሽ በርበሬ ያርፍበታል። በአንድ ማንኪያ ጣፋጭ፣ ጎምዛዛ፣ ጨዋማና የሚያቃጥል ነገር አብሮ አፍ ውስጥ ይገባል። በእውነት ጣት ያስቆረጥማል።

ሥራው ግን ሥራ ነው። ኡራድ የሚባለው ጥራጥሬ ለሰዓታት፣ ብዙ ጊዜም ሌሊቱን ሙሉ፣ ተዘፍዝፎ ይቆያል። ከዚያ ይፈጫል። ሊጡ በእጅ ይመታል፤ ክንድ እስኪዝል ድረስ። ጥቂት ጠብታ ውኃ ላይ ተጥሎ ይፈተናል። ከዘቀጠ ገና ነው። ከተንሳፈፈ አየር ገብቶበታል ማለት ነው፣ ይጠበሳል። ከተጠበሰ በኋላ ደግሞ ለብ ባለ ጨዋማ ውኃ ይነከራል፣ ይጨመቃል፣ እርጎ ውስጥ ይተኛል። አንድ ሙሉ ቀን ከነሌሊቱ ይወስዳል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ይህ ሁሉ ጊዜ የሌላቸው ሰዎች ሌላ መንገድ አላቸው። ተቆራርጦ የሚሸጠውን ነጭ የቶስት ዳቦ ይወስዳሉ። ጠርዙን ይቆርጣሉ። ውኃ አስነክተው ይጨምቁታል። ቅመም የገባበት የተቀቀለ ድንች በመሃሉ አስቀምጠው ያድበለብሉታል። ከዚያ እርጎ ያፈሱበታል። ድንቹ ቀድሞ ከተቀቀለ የእጅ ሥራው ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ዴልሂ ውስጥ ይህንን የሰነፍ ምግብ የሚሉት ሰዎች አጋጥመውኛል። አልስማማም። እኔ ከህንድ ማዕድ ቤት ከተማርኩት ሁሉ የበለጠ ብልሃት ያየሁበት እሱ ላይ ነው። ብልሃቱን ያመጣው ደግሞ የሠራተኛ እናቶች ጊዜ ማጣት ነው።

ለሁለተኛ ዲግሪ ዴልሂ እያለሁ ሰገነት ላይ ያለች አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር። በወላጆቻችን ዘመን ህንዳውያን መምህራን ናቸው ወደኛ የመጡት፤ ከአዲስ አበባ እስከ ክፍለ ሀገር ሂሳብና ሳይንስ ያስተማሩን እነሱ ናቸው። በኛ ዘመን የመሄዱ ተራ የኛ ሆነ። አከራዬም መምህር ነበሩ፣ ጡረታ የወጡ። እኔ «አንቲ ጂ» እላቸዋለሁ፣ አክስቴ እንደማለት፤ እሳቸው «ቤታ» ይሉኛል፣ ልጄ እንደማለት። ከፈተና በፊት በደረጃው ስወርድ አንድ ማንኪያ እርጎ በስኳር ይዘው ይጠብቁኛል። እዚያ ለፈተና፣ ለሥራ ቃለ መጠይቅ፣ ለረጅም መንገድ የሚወጣ ሰው በእርጎና በስኳር ነው የሚሸኘው። ማጥናቴን ሳይጠይቁ እርጎውን አጉርሰውኝ ይመለሳሉ።

አንቲ ጂ በሥራ ዘመናቸው ከትምህርት ቤት የሚመለሱት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንግዳ ይመጣል። አማትም አሉ፣ የባለቤታቸው እናት፣ የሚያዩና የሚመዝኑ። በዚያ መሃል ኡራድ ማን ይዘፈዝፋል? ዳቦው ወደ ቤታቸው የገባው በዚህ ቀዳዳ ነው። አማትየው መጀመሪያ አፍንጫቸውን ነፍተው ነበር አሉኝ። ቆየት ብለው ግን ጨምሪልኝ ማለት ጀመሩ።

የኛም ቤት ያው ነው። ሙያ የሚለካው ምድጃ ዳር በጠፋው ሰዓት ነው። ግን ውጭ አገር ያሉ እናቶቻችን ጤፍ ሲጠፋና ሲወደድ በሌላ ዱቄት እንጀራ ጋግረው ልጅ አሳደጉ። ያንን ስንፍና የሚል ካለ አንድ ቀን ቆሞ አይቷቸው አያውቅም።

አሁን ወደ እጃቸው ልምጣ። ብዙ ጊዜ አጠገባቸው ቆሜ አይቻለሁ። ዝርግ ሰሃን ላይ ትንሽ ውኃ አለ፣ ጨው የገባበት። ቁራጩን ዳቦ ያስነኩትና ወዲያው ያነሡታል። እዚያ አይተኛም። ከዚያ ዳቦውን በሁለት መዳፋቸው መሃል አድርገው፣ ልክ ለሰላምታ እጅ እንደሚነሡ፣ መዳፍ ለመዳፍ ይገጥማሉ። ውኃው በክርናቸው ይወርዳል። እጃቸው ሲከፈት ዳቦው ስስ፣ እርጥብ፣ የሚታጠፍ ሆኗል፤ አልተቀደደም። ድንቹን መሃሉ ላይ ያስቀምጣሉ። አራቱን ማዕዘን ወደ ላይ ይሰበስባሉ። መገጣጠሚያውን በአውራ ጣት ያሹታል። ከዚያ በመዳፋቸው ያዞሩታል፣ ያዞሩታል። ስፌቱ ይጠፋል። ዳቦ መሆኑን የሚናገር ምልክት አይቀርም።

ዳቦው የጥራጥሬውን ሊጥ የሚተካበት ምክንያት አለው። ኡራዱ በእጅ የሚመታው አየር እንዲገባበት ነው። አየሩ ነው ለስላሳ የሚያደርገው፤ እርጎውን የሚጠጣውም በዚያ ክፍተት ነው። ዳቦ ላይ ይህንን ሥራ እርሾው ቀድሞ ሠርቶታል። እርሾው ስኳሩን በልቶ ጋዝ ያወጣል። ግሉተን የሚባለው የሚለጠጥ የስንዴ ፕሮቲን ጋዙን ይይዘዋል። ምድጃው ያደርቀዋል። ስለዚህ ዳቦ ቤት ስትሄዱ የምትገዙት አንድ ሰው ሌሊት ተነሥቶ አየር የሞላበትን ሊጥ ነው። ክንድ የሚያዝለው ክፍል አልቆ ይጠብቃችኋል። እርጎው ደግሞ ያንኑ ክፍተት ያገኛል።

የጠፋ ነገር የለም አልልም። የኡራድ ጣዕም የለውም። ኡራድ የራሱ የሆነ መሬት መሬት የሚል ደስ የሚል ነገር አለው፤ ዳቦ ያንን አይሰጥም። ለዚህ ነው ድንቹ የሚያስፈልገው። ውስጡ ባዶ የሆነ እርጥብ ዳቦ የሕፃን ምግብ ነው የሚሆነው። ድንቹ ክብደት ይሰጠዋል፣ ቅመሙንም ተሸክሞ ይገባል።

ከሦስቱ ዋና ነገሮች ሁለቱ ህንድ ውስጥ እንግዶች ናቸው። ድንች ከደቡብ አሜሪካ ነው፤ ፖርቹጋሎች ይዘውት እንደመጡ ይነገራል፣ በስፋት ያስተከሉት ደግሞ እንግሊዞች ናቸው። ዛሬ ህንድ ድንች በማምረት ከቻይና ቀጥላ ሁለተኛ ናት። ወደኛም ቢሆን ጥንት የመጣ አይደለም፤ ሺምፐር የሚባለው ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1858 አስገባው ይባላል። እንዲህ ያለው በምድጃ የሚጋገር የእርሾ ዳቦም የፖርቹጋል ግዛት በነበረችው በጎዋ በኩል የገባ የፖርቹጋሎች ነገር ነው ይባላል። ተቆራርጦ በላስቲክ የሚሸጠው ነጭ ዳቦ በየሰፈሩ የተዳረሰው ግን ከዚያ በጣም ዘግይቶ ነው። መንግሥት ራሱ እ.ኤ.አ. በ1965 ሞደርን ቤከሪስ የሚባል የዳቦ ድርጅት አቋቁሞ ነበር። ቃሪያና በርበሬውም ከአሜሪካ የመጡ ናቸው።

የጥንቱ እርጎው ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ዛሬ ካርናታካ በሚባለው የደቡብ ህንድ ክፍል የነገሠው ሶሜሽቫራ ሦስተኛ ያስጻፈው የሳንስክሪት መጽሐፍ ውስጥ ከዳሂ ባላ ጋር የሚዛመድ፣ በወተት የተነከረ የጥራጥሬ ጥብስ ይገኛል። እርጎ ለሁሉም ሰው እንዲዳረስ ያደረገው ግን የቅርብ ጊዜ ሥራ ነው። ጉጃራት ውስጥ አናንድ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1946 የተቋቋመው የገበሬዎች የወተት ኅብረት ሥራ፣ አሙል፣ ለሌላው አገር ምሳሌ ሆነ። ቨርጌስ ኩሪየን የሚባሉት መሐንዲስ የመሩት አገር አቀፍ የወተት ዘመቻ እ.ኤ.አ. በ1970 ተጀመረ። አንዲት ወይም ሁለት ለማዳ የወተት ጎሽ ያላት ገበሬ ወተቷን ጠዋትና ማታ አስለክታ የምትሸጥበት አሠራር ነው። ህንድ ዛሬ በዓለም አንደኛ የወተት አምራች ናት። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ የኛ አገር ከብት ብዛት ትዝ ይለኛል። ቁጭት አለበት፣ ልደብቀው አልፈልግም። ያን ያህል ከብት ይዘን እርጎ ለብዙ ቤት የበዓል ነገር ነው።

ለመሆኑ እንዴት ይሠራል? ለአራት ሰው ስምንት ቁራጭ ዳቦ፣ መካከለኛ የሆነ ሦስት ድንች፣ ግማሽ ኪሎ ወፍራም እርጎ ይበቃል።

ድንቹን ከነልጣጩ ቀቅሉት። ተልጦ የተቀቀለ ድንች ውኃ ይጠጣል፣ ውኃ የጠጣ ድንች ደግሞ ዳቦውን ከውስጥ ያፈርሰዋል። ትኩስ እያለ ላጡትና በሹካ ደፍጥጡት፤ ከዚያ በደንብ ይቀዝቅዝ። ዴልሂ ውስጥ ድንች ከመሬት የሚወጣው ኃይለኛው ሙቀት ከመግባቱ በፊት ነው፤ ቀሪውን ዓመት ከማቀዝቀዣ መጋዘን ነው የሚሸጠው። መጋዘን የቆየ ድንች ይጣፍጣል፣ ቅዝቃዜው ስታርቹን ወደ ስኳር ስለሚለውጠው። አንቲ ጂ ድንች ሲገዙ ባለሱቁን ይሄ ጣፋጭ ነው ወይስ ደህና ነው ብለው ይጨቀጭቁታል። አዲስ አበባ ይሄ ጭንቀት ብዙም የለብንም። ብቻ ሲቀቀል የሚፈረካከሰውን ዓይነት ምረጡ።

ድንቹ ውስጥ በደቃቁ የተከተፈ ቃሪያ፣ ዝንጅብል፣ የድንብላል ቅጠልና ጨው ይገባል። የተቆላ ከሙን ግማሽ የሻይ ማንኪያ። ከወደዳችሁ ጥቂት ዘቢብ። ዘቢቡ ሳይታሰብ ጥርስ ስር ሲገባ ደስ ይላል። ሽንኩርት አልጨምርም፤ ውኃ ያወጣል፣ ከእርጎ ጋርም አይዋደድልኝም።

ዳቦው የትናንት ይሁን። ትኩስ ዳቦ ውኃ ሲነካው ይሟሽሻል። አንድ ቀን ያደረ ዳቦ ስታርቹ ጠንከር ስለሚል ውኃውን ይቋቋማል። ጠርዙን ቁረጡ። አትጣሉት፤ ምጣድ ላይ አድርቃችሁ ብትወቅጡት በሌላ ቀን ለድንች ጥብስ መለበጫ ይሆናል። ፉርኖ ዳቦ ለዚህ አይመችም። ቅርፊቱ ጠንካራ፣ ውስጡም ትልልቅ ቀዳዳ ያለው ስለሆነ ሲጨመቅ ይቀደዳል።

መጥበስ ወይስ አለመጥበስ? እዚህ ላይ ሰው ይከፋፈላል። የሚጠብሱት በደንብ በጋለ ዘይት ወርቃማ እስኪሆን ድረስ ጠብሰው እርጎ ያፈሱበታል። ሲበላ ውጪው ትንሽ ይንኮሻኮሻል፣ ቶሎ ካልተበላ ግን ዘይትና እርጎ ሆኖ ይቀራል። እኔ የማይጠበሰውን ነው የምመርጠው። ከዋናው ዳሂ ባላ ጋር የሚቀራረበው እሱ ነው፤ ባላው ራሱ ቢጠበስም ውኃ ተነክሮ ዘይቱ ተጨምቆ ነው የሚቀርበው። ያልተጠበሰው ንጹሕ ጣዕም አለው። በዴልሂ ግንቦት፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ዘይት ማሰብ ራሱ ይከብዳል።

ሁሉንም የሚወስነው እርጎው ነው። ይህን በድፍረት እናገራለሁ። ዳቦው ተራ ሊሆን ይችላል፣ ድንቹም። እርጎው ከተበላሸ ግን ምንም ቻትኒ አያድነውም። ወፍራም፣ ቀዝቃዛና ያልኮመጠጠ መሆን አለበት። ህንድ ውስጥ ጥሩው እርጎ ከጎሽ ወተት ነው፤ ቅባቱ ከላም ወተት ይበልጣል። በሸክላ ሲረጋ ደግሞ ሸክላው ውኃውን ስለሚመጠው ይበልጥ ይወፍራል። ሱቅ የሚሸጠው እርጎ ከቀጠነባችሁ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ቋጥራችሁ ለአንድ ሰዓት ስቀሉት። ከዚያ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳርና ትንሽ ጨው ጨምራችሁ በሹካ ምቱት። በማሽን አትፍጩት፣ ይቀጥናል። ከኮመጠጠ ትንሽ ወተት ይመልሰዋል።

በወይራ የታጠነው የገጠር እርጎስ? ሞክሬዋለሁ። ጢሱና የሁመሩ ጣፋጭ አይስማሙም፣ አንዱ ሌላውን ይገፋዋል። ሁመሩን ትቼ በናናና በቃሪያው ብቻ ስበላው ግን ሌላ ነገር ሆነ። ህንዶቹ ቢቀምሱት እንግዳ ይሆንባቸዋል፤ እኔ ግን ለሰው አቅርቤው ሰሃኑ ባዶ ተመልሷል።

ድብልቡሉን ጎድጓዳ ሰሃን ላይ ደርድሩ። እርጎውን እስኪሸፈን አፍስሱና ፍሪጅ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አቆዩት። ከዚያ በላይ ከቆየ ዳቦው እርጎውን ሁሉ ይጠጣዋል፤ ስለዚህ ለብቻ ትንሽ እርጎ አስቀሩ።

ለጣፋጩ ቻትኒ ሁመር ያስፈልጋል። ሐረርና ድሬዳዋ ያላችሁ እድለኞች ናችሁ፣ ገበያው ውስጥ አለላችሁ። ሁመሩን በሙቅ ውኃ ዘፍዝፉ፣ በእጅ አሹትና አጥልሉ። ከቴምር ጋር አፍሉትና ማር እስኪመስል ድረስ ይወፍር። ለአረንጓዴው ናና፣ የድንብላል ቅጠል፣ ቃሪያ፣ ሎሚና ጨው አንድ ላይ ይፈጫል። የሚነሰነሰው በርበሬ ቅመም የሌለው፣ ዛላው ብቻ የተፈጨ ይሁን። የቤታችን በርበሬ ውስጡ ብዙ ነገር ስላለበት ከሙኑን ይውጠዋል። ህንዶች ጥቁር ጨውም ይጨምራሉ፤ የተቀቀለ እንቁላል የሚመስል የድኝ ሽታ ያለው ነው። እሱን ካላገኛችሁ ተዉት። ከሙኑን ግን እዚያው ቆልታችሁ እዚያው ውቀጡት። ቆይቶ የተፈጨ ከሙን ሽታው ያልቃል፣ አፍ ላይም መራራ ነው። ከላይ የሮማን ፍሬ ካለ ይበተን።

አንቲ ጂ ከመሸ በኋላ ይህን አያቀርቡም ነበር። እርጎ ማታ አይበላም፣ አክታ ያመጣል ይላሉ። ብዙ ህንዳውያን እናቶች እንደዚያ ነው የሚያምኑት። ስለዚህ የአሥራ አንድ ሰዓት ምግብ ነው፣ ከሻይ ጋር። ጎረቤት ካለ ይጠራል።

የጾም ነገር ደግሞ አለ፣ እሱን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ናቭራትሪ በሚባለው የዘጠኝ ሌሊት በዓል ብዙ የሰሜን ህንድ ሂንዱዎች ይጾማሉ። ስንዴ፣ ሩዝና ጥራጥሬ አይነኩም። ድንችና እርጎ ግን ይፈቀዳል። አንቲ ጂ በነዚያ ቀናት ቅመም የገባበት ድንች በእርጎ ይበላሉ፣ ዳቦው የለም። እኔ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ ዳቦና ድንች እበላለሁ፣ እርጎው የለም። ፎቅ ቤታቸው ውስጥ የጃይን እምነት ተከታይ ቤተሰብም ነበር። እነሱ ከመሬት ውስጥ የሚነቀል ነገር አይበሉም፤ ስለዚህ ድንቹን ያልበሰለ ሙዝ ቀቅለው ይተኩታል። አንድ ደረጃ የምንጠቀም ሰዎች አንድ ምግብ ላይ እንዲህ ተለያይተን፣ ለያንዳንዱ ሰው የሚስማማውን ለመሥራት ማዕድ ቤቱ ውስጥ ሲታሰብ ማየት በጣም ደስ ይለኝ ነበር። አንቲ ጂ የኛን የጾም ቀናት ግድግዳቸው ላይ በተሰቀለው ካላንደር ምልክት አድርገውባቸው ነበር። ማንም አላዘዛቸውም።

ለጾም የሚሆነውን ያገኘሁት ግን አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ ነው። ሱፍ ነው። ሱፉን እንደ ፍትፍቱ አድርጋችሁ ቀቅላችሁ ፍጩት፤ ውኃውን ግን ቀንሱ፣ ወፈር ብሎ ይጠለል። ነጭ ነው፣ ቅባት አለው፣ ከቃሪያና ከዝንጅብል ጋር ድሮም ወዳጅ ነው። የጎደለው ኮምጣጣነቱ ብቻ ነው፣ እሱን ሎሚ ይሰጠዋል። የአንድ ሎሚ ጭማቂ ለግማሽ ሊትር ይበቃል። ስኳሩን በግማሽ ቀንሱት፣ ሱፍ በራሱ ለስለስ ያለ ነው። የቶስት ዳቦው ላይ ወተት ወይም ቅቤ እንዳልገባበት ሲገዛ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ብዙ ዳቦ ቤቶች ይጨምራሉ። ሱፍ ከእርጎ ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ይጠጣል፣ ስለዚህ ፍሪጅ ውስጥ አታቆዩት። ሰው ከተቀመጠ በኋላ አፍስሱና ወዲያው አቅርቡ፤ ናናውን በዛ አድርጉበት።